ለመርገጫ የተውኳቸው ጉጦች

ዛፍ ቆራጭ ነኝ ስል ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ወድቄ አውቅ እንደሆነ ነው። ወድቄ አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመሰላል እንጂ ከዛፍ አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እንዴት ይቆረጥ የሚል ነው፤ ያን ጊዜ ጉሮሮዬን እጠርግና አስተማሪ እሆናለሁ። ብዙ አትቁረጡ እላለሁ። ቅርንጫፉን መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ ገዝግዙት፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ከላይ ቁረጡት፤ እንዲያ ካላደረጋችሁ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገፎ ይዞት ይወርዳል። በመጨረሻ የቀረችውን ቁራጭ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበት ያበጠ አንገት አለ፣ እሱን ሳትነኩ ከአጠገቡ አስተካክላችሁ አንሷት። ጉጥ አትተዉ።

ጉጥ የምለው ቅርንጫፍ ከተቆረጠ በኋላ ግንዱ ላይ ተለጥፎ የሚቀረውን ስንዝር የሚያህል ቁራጭ ነው። ዛፍ ቁስሉን የሚያድነው በራሱ ቆዳ ሸፍኖ ነው፤ ጉጥ ካለ ግን ቆዳው ዞሮ መግጠም አይችልም። ጉጡ ይደርቃል፣ ልጡ ይላቀቃል፣ ነቀዝ ይገባዋል፣ ብስባሴውም ውሎ አድሮ ወደ ግንዱ ይዘልቃል። ይህን ያስተማሩኝ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው። በሕይወታቸው ከተናገሩት ይልቅ የቆረጡት ይበዛል። ጉጥ ትቼ ስወርድ ቁርጭምጭሚቴን በያዙት ዘንግ ቸብ ያደርጉኛል፤ አንድ ቃል አይናገሩም፤ ተመልሼ እወጣለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ቁርጭምጭሚቴ ትምህርቱን ጨረሰ።

ከዚያ በኋላ በሥራዬ ጉጥ የተውኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም አውቄ። የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ጅቡቲ የመጣሁት ልኖርባት አልነበረም። አሮጌው ባቡር ገና እየተንፏቀቀም ቢሆን ሰው በሚያመላልስበት ጊዜ ከድሬዳዋ ተሳፍሬ ስመጣ፣ ሐሳቤ በሳምንት ውስጥ ባሕሩን ተሻግሬ የመን፣ ከየመን ደግሞ ሳዑዲ መግባት ነበር። ጀልባዎቹ እስከሚነሡበት ኦቦክ ዳርቻ ድረስ ሄጃለሁ። ጀልባዋን አየኋት፤ የሚሳፈሩትን ሰዎች አየሁ፤ አልመጣጠን አሉኝ። ሆዴን አመመኝ ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሆዴ ምንም አልሆነም፤ ፈርቼ ነው። አብረውኝ የመጡት ሁለት የሰፈሬ ልጆች ግን ተሻገሩ፤ ደህና ደርሰውም ደወሉልኝና እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ባዶ እጄን ቤቴ ልመለስ ደግሞ ፊት አልነበረኝም፤ ስወጣ መርቆ የሸኘኝ ሰፈር ሙሉ ሰው ነው። እናም ለትንሽ ጊዜ ብዬ ቀረሁ።

ወረቀት አልነበረኝም። ራፍል የሚሉት አፈሳ በመጣ ቁጥር፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ውስጥ በተከራየኋት የጣውላ ክፍል በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ፣ ትንፋሼን ውጬ እቀመጥ ነበር። የተያዘ በጭነት መኪና ተጭኖ ድንበር ላይ ይራገፋል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ግማሽ ቀን ከተራመድክ ታልቅና ባሕር ላይ ትጥልሃለች። በሌላው ወገን ደግሞ ጥቁር ድንጋይና ሙቀት ነው። እውነቱን ለመናገር እነዚያን ዓመታት የኖርኩት ታፍኜ ነው። ያፈነኝም ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማልል ሰው መሆኔ ነበር።

የመናዊው ሽማግሌ የወሰዱኝ ቅርንጫፍ ተሸካሚ አድርገው ነው፤ ጉልበታቸው ሲደክም ገመዱን ለኔ ሰጡና እሳቸው ከታች ቀሩ። ሥራውን ወደድኩት። ዛፍ ላይ ያለን ሰው ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ከላይ ሆኜ ወደቡን፣ መርከቦቹን፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚወጣውን የከባድ መኪና ሰልፍ፣ ወደ አየር ማረፊያው ዝቅ የሚለውን አውሮፕላን አያለሁ። መውጫዎቹ ሁሉ ይታዩኛል፤ አንዱም የኔ አልነበረም።

ሥራው ጥቅምት ላይ ይሟሟቅና መጋቢት ካለፈ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ወዲያ መጋዙም ገመዱም ሰውም ይግላል። ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ጥቂት ልምከር። ገመድህን በየሳምንቱ ጨው በሌለው ውኃ እጠብ፤ በተለይ ባሕር ዳር ባለው ሄሮን ሰፈር ከሠራህ፣ የባሕሩ ጨው ገመዱ ውስጥ ገብቶ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፤ ከላይ ሲታይ ግን አዲስ ነው። ተምር ላይ የደረቀውን ዝንጣፊ ከላይ ጀምረህ አውርድ፤ ከታች ከጀመርክ የተረፈው ክምር አንገትህ ላይ ይወርድና ከግንዱ ጋር ያጣብቅሃል። ከመውጣትህ በፊት የቁራ ጎጆ መኖር አለመኖሩን እይ። የጅቡቲ ቁራ ቂመኛ ነው፤ ጎጆውን የነካበትን ሰው ፊት ለይቶ ያውቃል፤ ለሳምንታት መንገድ ላይ ጭንቅላቴን በመንቆሩ እየወጋ የተከተለኝ ቁራ ነበር። ደንበኞችህን ደግሞ አትጨቃጨቃቸው፤ ሁሉም ጥላ ይፈልጋሉ፣ ሁሉም ቅጠል ሲረግፍ ይቆጣሉ።

ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ነው፤ አንድ ኅዳር ላይ ሄሮን ካሉት የድሮ የፈረንሳይ ቤቶች ወደ አንዱ ተጠራሁ። ከግቢው በስተጀርባ፣ አጥሩ ጥግ ላይ፣ ትልቅ የድሬዳዋ ዛፍ ነበር። እኛ የድሬዳዋ ዛፍ የምንለውን እነሱ ፍላምቧያን ይሉታል፤ በሙቀት ወራት አናቱን ቀይ አበባ የሚያለብሰው፣ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ሰፈሩን የሚያጠላው ነው። ያምራል፤ እንጨቱ ግን የማይታመን ነው። እርጥብ ሳለ ይሸከማል፤ ከሞተ ግን ዓመት አይሞላውም፣ ይበሰብሳል።

ማዳም፣ የቤቱ እመቤት፣ ቀጠን ያለች ጨዋ ሴት ነበረች። ቀዝቃዛ ውኃ በእጇ አምጥታ ሰጥታኛለች፤ እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ አይደሉም። ወደ ዛፉ ይዛኝ ሄደችና በአጥሩ በኩል ያሉት ቅርንጫፎች፣ ከታች ጀምሮ ሁለት ሰው ቁመት ድረስ፣ በሙሉ እንዲነሡ ነገረችኝ። ሌባ ይገባበታል አለች። እንዲህ በአንድ ወገን ብቻ ከተላጨ ዛፉ ሚዛኑን ያጣል፣ ነፋስ ሲመጣ ቤትሽ ላይ ያዘነብላል አልኳት። ይሁን አለች። እኔም ይሁን አልኩ፤ የሷ ዛፍ ነው።

ከፍ ብዬ ገመዴን እያሰርኩ ሳለ ቁራ መጣብኝ፤ በአማርኛ ከነዘሩ ሰደብኩት። ከታች፣ ከቤቱ ኋላ፣ ከዛፉ አጠገብ ካለው የሲሚንቶ ልብስ ማጠቢያ ላይ፣ ሳቅ ሰማሁ። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ልብስ እያሸች ነበር። ቀና ሳትል ሐበሻ ነህ እንዴ አለችኝ። ነኝ አልኳት። እንዳታየኝ፣ እየሠራህ ስማኝ አለችና እያሸች ታወራ ጀመር።

ከኮምቦልቻ አካባቢ ነው የመጣችው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ደላላ አምጥቶ እዚያ ቤት ካስገባት ሁለት ዓመት አልፏታል፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከግቢው በር አንድ እግር አልወጣችም። ፓስፖርቷ በማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቤተሰቡ ሲወጣ የግቢውን ቁልፍ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ዘበኛ ይይዛል። አይመቱኝም አለችኝ፤ ምግብም አይከለክሉኝም፤ ብቻ በሩ አይከፈትም። ከምሳ በኋላ ሁሉም ሲተኛ ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ትወጣና በአጥሩ ላይ ወደ መንገዱ ታያለች። የምታየው ምንም አይደለም፤ ፍየል ያልፋል፣ ታክሲ ያልፋል፣ አንድ ሰው ዳቦ ይዞ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ማዳም እዚያ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። አልተቆጣቻትም፤ ውረጂ ብቻ አለቻት። ቀጥሎ የመጣሁት እኔ ነኝ።

የተቀጠርኩበትን ሥራ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሌባ የሚባል ነገር አልነበረም፤ መጋዜ የመጣው እሷ እንዳትወጣ ነው።

«አትቁረጥ አልልህም፤ እንጀራህ ነው» አለችኝ። «ግን መርገጫ ተውልኝ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ያውም በሷ። ሰው ከነችግሩ ለምን እኔ ላይ ይወጣል አልኩ በልቤ። እኔ ራሴ አንድ ስልክ ከተደወለብኝ ማታውኑ ጭነት መኪና ላይ ነኝ። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ እንደ ደንቡ አወረድኩት፤ ከአንገቱ አጠገብ ንጹሕ አድርጌ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ፣ መጨረሻዋን ቁራጭ ላነሣ መጋዙን አስጠጋሁና ተውኩት። እሷ ከታች ቀና ሳትል ያንኑ አንድ ሸሚዝ ደጋግማ ታሻለች፤ አንጀቴን በላችው፤ ሌላ ነገር የለውም።

አራት ጉጥ ተውኩላት። ክንድ ውፍረት ያላቸው፣ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጡ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ አጭር ሴት እግሯን ልታነሣ በምትችልበት ርቀት። ሁሉም በአጥሩ ፊት ናቸው፤ ከቤቱ በኩል ግንዱ ይሸፍናቸዋል። በእያንዳንዱ ላይ ቆሜ ዘለልኩበት። እርጥብ እንጨት ነው፤ ጭጭ ብሎ ተሸከመኝ።

ማዳም ሥራውን ልታይ ስትመጣ ግንዱን አልፋ ወደ አጥሩ በኩል ዞረች፤ መዞሯን አላሰብኩም ነበር። እነዚህስ አለችኝ በጣቷ እያመለከተች። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ይህ ዛፍ አንዴ ሁሉንም ካነሡበት ይደማል፤ መጀመሪያ ጉጦቹ ይድረቁ፣ ከዚያ መጥቼ አስተካክላቸዋለሁ አልኳት። የሙያው ሰው እኔ ነኝ፤ አመነችኝ። ይድረቁ የሚለው ቃል ከገዛ አፌ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼም አላስደነገጠኝም፤ ልቤ ያለው ከግቢው በሰላም መውጣቱ ላይ ነበር።

ማዳም ወደ ቤት ስትገባ፣ ዕቃዬን እየጠቀለልኩ ለልብስ አጣቢዋ የማውቀውን ሁሉ በችኮላ ነገርኳት። ግንዱን አቅፈሽ ውጪ፤ ጉጡን ከጫፉ ሳይሆን ከግንዱ ጋ እርገጪ፤ አንድ እግርሽን ስታነሺ ሁለቱ እጆችሽና ሌላው እግርሽ የያዙትን አይልቀቁ። አጥሩ አናት ላይ የተሰካ ጠርሙስ አለ፤ ብርድ ልብስ አጥፈሽ ጣይበት። በውጭ በኩል አሸዋ ነው፤ ጉልበትሽን አጥፈሽ ውደቂ። ከዚያ ታክሲ ይዘሽ ካርቲየ 6 በይ፤ ምግብ የምትሸጥ ያገሬ ልጅ አለች፣ ከትልቁ ኒም ዛፍ ሥር፤ ሁሉም ያውቃታል። እሷ ወደ ኔ ታደርስሻለች። ሁሉን ደገመችልኝ፤ አንድም አልሳተችም። መቼ ትወጪያለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። በዚያው ሳምንት የምትወጣ መስሎኝ ነበር።

ሳምንቱ አለፈ፤ ገናም አለፈ። ምግብ ሻጯን በየቀኑ መጣች ወይ እያልኩ ሳሰለቻት፣ ይህቺ ሚስትህ መቼ ነው የምትመጣው ብላ ትቀልድብኝ ጀመር። በዚያ መንገድ ሳልፍ ወደ ቤቱ ጣሪያ አያለሁ፤ ልብስ ተሰጥቶበታል፤ አለች ማለት ነው። ቆሽቴ ያርራል። በር ሠርቼላት ምን ትጠብቃለች እያልኩ ብቻዬን እነጫነጫለሁ። ባሕር ዳር ቆሞ ሆዴን አመመኝ ያለው ሰውዬ እሷን ፈሪ ይላታል።

ሚያዝያ ላይ ከዚያ ቤት ሁለት ግቢ አልፎ ያሉ ሦስት ተምሮችን እንዳጸዳ ተጠራሁ። ሦስተኛው ላይ ስወጣ ግቢው ወለል ብሎ ታየኝ። እሷ ጣሪያው ላይ ልብስ እየሰበሰበች ነበር፤ አየችኝ። መጮኽ አይቻልም። እጄን ዘርግቼ፣ ምነው፣ መቼ ነው አልኳት በምልክት። ዙሪያዋን ቃኘችና በመጀመሪያ በጣቷ ግቢው ውስጥ የቆመውን የቤተሰቡን መኪና አሳየችኝ፤ ቀጥላ ሁለት እጆቿን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ዘርግታ ወደ ሰማይ ቀና አለች። ገባኝ። ቤተሰቡ የሚበርበትን ቀን ነው የምትጠብቀው። ጅቡቲ ላይ አቅም ያለው ሁሉ በሙቀቱ ወራት ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ባዶ ይሆናል፣ ቁም ሳጥኑን ሰብራም ቢሆን ፓስፖርቷን ታወጣለች። ከኔ ይልቅ አስባበታለች። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳት።

ልወርድ ስል ዛፉን አየሁት። ከዚያ ከፍታ ላይ የአጥሩ ወገን በደንብ ይታያል። አራቱም ጉጦች ግራጫ ሆነዋል። አንዱ ላይ ልጡ ተሰንጥቆ ጫፉ ተገልብጧል። ሐምሌ ሲደርስ ምን እንደሚሆኑ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ራሴ ለሰው ስነግር ነው የኖርኩት።

እዚህ ላይ የተያዝኩበትን ወጥመድ ግልጽ ላድርግ፤ ያጠመድኩትም ራሴ ነኝ። ወደ ግቢው ልግባ ካልኩ ሰበቤ አንድ ብቻ ነው፤ ጉጦቹ ደርቀዋልና ላስተካክል መጣሁ ማለት። ከገባሁ ደግሞ ማዳም ቆማ እያየችኝ አራቱንም ከሥራቸው ማንሣት አለብኝ፤ መርገጫውን በገዛ እጄ ላጠፋው ነው። ካልገባሁ ይበሰብሳሉ። እንዲያውም ገብቼ፣ ሁለቱን ቆርጬ፣ ሌሎቹን በሆነ ሰበብ ትቼ፣ ቢያንስ አትርገጪው ብዬ በሹክሹክታ ልነግራት እችል ነበር። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ፤ በማግሥቱ ራፍል መጣ፣ ክፍሌ ውስጥ ተቀረቀርኩ። ከዚያ ሌላ ነገ፣ ከዚያም ሌላ። ማዳም ብትጠረጥርስ፣ ብትደውልስ እያልኩ ግንቦት አለቀ። ፈራሁ። ድጋሚ ሆዴን አመመኝ ማለት ይቀለኛል፤ ግን ፈርቼ ነው።

ሐምሌ ውስጥ፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋ እየነዛ ሳለ፣ ምግብ ሻጯ ሰው ልካ አስጠራችኝ። ስደርስ የዚያ ቤት ዘበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣል። ሱማሌኛ ስለምችል የነገረኝን በቀጥታ ሰማሁት። ቤተሰቡ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ከጀርባ እንጨት ሲሰበር ሰማ፤ ከዚያ ጩኸት። ሲሮጥ ሄዶ ልብስ ማጠቢያው ሲሚንቶ ላይ ወድቃ አገኛት። እሷ እንደነገረችው፣ ሦስተኛው መርገጫ ላይ ደርሳ ነበር፤ ልጡ ከእግሯ ሥር ተገፎ ተንሸራተተ፣ ጉጡም ከግንዱ ተገንጥሎ አብሯት ወረደ። ታፋዋ ላይ አጥንቷ ተሰብሯል። እሱ ራሱ በሩን ከፍቶ፣ ታክሲ ጠርቶ፣ አቅፎ ሆስፒታል አደረሳት። በዚህ ከተማ ማን አለሽ ቢላት የምታውቀው አድራሻ ይህ ብቻ ሆነ፤ እኔ የሰጠኋት። ቀና ያለ ሰው ነበር፤ ስለ ጉጦቹ ምንም አልጠየቀኝም።

ሆስፒታል ስገባ እግሯ ከወገቧ ጀምሮ ታስሮ፣ ከአልጋው ግርጌ በተንጠለጠለ ክብደት ተወጥሮ ነበር። ከላይ የጣሪያ ማራገቢያ ይዞራል፤ አየሩን ከማንቀሳቀስ አያልፍም። አፈረች። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነችና መልሳ ገለጠችው። ሁለታችንም በደንብ ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያወራነው እሷ አጎንብሳ እኔ ተንጠልጥዬ ነው። ብርቱካን ይዤ ነበር፤ ልጬ ሰጠኋት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ የምነግራትን ነገር በልቤ ደርድሬያለሁ። እኅቴ፣ ጉጦቹ ደርቀው ነበር፣ አይቼያቸዋለሁ፣ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ ፈራሁ። ይኸው ነው፤ ረጅም አይደለም።

ቀደመችኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወንድሜ» አለችኝ። «ስመጣ ቀጭን ነበርኩ። እዚያ ቤት ታሥሬ የልጆቹን ትራፊ ስጠርግ ወፈርኩ። አንተ የሠራኸው ለቀድሞዋ እኔ ነበር፤ አልቻለኝም።»

ወፍራም አልነበረችም። እንደ ማንኛውም ሰው ነበረች። አፌን ከፈትኩ፤ ልነግራት ነው። ግን እሱን ካልኩ ቀጥላ የምትጠይቀኝ ከመቼ ጀምሮ ታውቅ ነበር የሚለውን ነው፤ መልሱም ከሚያዝያ ጀምሮ ነው። ተምር ላይ ሆኜ እሺ ብዬ ራሴን ከነቀነቅኩላት ቀን ጀምሮ። ሌላ ብርቱካን ላጥኩ። አልወፈርሽም እኮ፣ ማን አለሽ እንኳ አላልኳት፤ ይህንን ማለት ምንም አያስከፍለኝም ነበር።

ሁለት ወር ያህል ተኛች። በየሁለት ቀኑ እሄዳለሁ፤ ምግብ ሻጯ የምትቋጥርልኝን እወስዳለሁ፤ እሷ ግማሹን ትተዋለች። ማዳም ስትመለስ ራሷ አልመጣችም፤ በዘበኛው እጅ ልብሶቿን በፌስታል፣ ቁም ሳጥኑ አልሰበር ብሏት ትታው የወጣችውን ፓስፖርቷን በፖስታ አሽጋ ላከች። ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተቆለፈበት ነገር እንዲህ በቀላሉ መጣ። መስከረም ላይ በክራንች ይዣት ወጣሁና በድንበሩ ከተማ በድወሌ በኩል ወደ አገር ቤት ከሚሄድ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። አንዱ እግሯ ከሌላው አጥሯል። በመስኮት እጇን አውጥታ ስታውለበልብ ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታዋ እውነተኛ ነበር። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያን ቀን አብሬያት ልሳፈር የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም፤ ወደ አገር ለሚመለስ ማንም ወረቀት አይጠይቅም። አልተሳፈርኩም።

ያንን ዛፍ ማዳም በዓመቱ ለሌላ ሰው አስቆረጠችው። ከሥሩ። እኔን አልጠራችኝም፤ ባትጠራኝም አልተቀየምኩም። እኔም እዚሁ ነኝ፤ እስካሁን እቆርጣለሁ። ወረቀትም በመጨረሻ አገኘሁ፤ ካገኘሁት በኋላም አልሄድኩም። የሚቀረቅረኝ ነገር ከውስጥ እንደሆነ ከገባኝ ቆይቷል።

እሷ በየበዓሉ ትደውልልኛለች። ኮምቦልቻ ውስጥ በር ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች፤ ተቀምጣ ስለምትሠራው እግሯ አይከብዳትም። ስለ ሱቋ ታወራለች፣ ስለ እናቷ ታወራለች፣ ከዚያ ሁልጊዜ ወደ አንድ ነገር ትመጣለች። መጀመሪያ እራት ተውኩ አለችኝ። በሚቀጥለው ዓመት ስኳርና ዳቦ። ከዚያ ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምቀምሰው አለች፤ ጾም ነው ስል አይደለም አለች። አንድ ጊዜ እናቷ ስልኩን ተቀበሉና፣ ልጄ፣ አንተን ትሰማለች፣ እባክህ ምግብ ብዪ በላት፤ ነፋስ ሊወስዳት ነው አሉኝ። እሺ እማማ አልኩ።

ባለፈው ፋሲካ ደወለች። ድምጿ ቀጥኗል፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ብታየኝ አታውቀኝም አለች፤ በኩራት ነው የምትለው። ከዚያ ያን ዛፍ አነሣች፤ እንደተቆረጠ አልነገርኳትም።

«አሁን ብወጣበት ይችለኛል፣ አይደል?» አለችኝ።

«ይችልሻል» አልኳት።